የወገብ ሕመም ሲጠና መጀመሪያ ወዴት ይኬዳል? ከምሥራቅ ጎጃም የአንድ አርሶ አደር ጉዳይ

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም ከጤፍ አብቃይ ወረዳዎች በአንዱ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር በወገብ ሕመም ምክንያት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለፉበትን መንገድ ይመዘግባል። እኔ ታካሚው በመጨረሻ በተላኩበት የመንግሥት ሆስፒታል በፊዚዮቴራፒ ሙያ አገለግላለሁ። ጉዳዩ የተጻፈው በእሳቸው ፈቃድ ሲሆን፣ የእሳቸውንም ሆነ የረዷቸውን ሰዎችና ተቋማት ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮች ተትተዋል።

የወገብ ሕመም ብርቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረባቸው ሲሆን፣ ቁጥሩ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። ጉዳዩን ልመዘግበው የወሰንኩት ቤተሰቡን ከሁለት ወር በላይ ያስጨነቀው ጥያቄ «ወደ ማን እንሂድ?» የሚል ስለነበረ ነው። ጥያቄው በወሬና በዘመድ ምክር ሲመለስ ያስከተለው ወጪና መጉላላት፣ በኋላም ባለሙያ በእጁ መርምሮ ሲመልሰው የመጣው ለውጥ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ታይቷል።

ታካሚውና ኑሯቸው

ታካሚው በ40ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኙ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ናቸው። አንድ ጥማድ በሬ አላቸው፤ ከራሳቸው ማሳ በተጨማሪ የሌላ ሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ። ከቤታቸው እስከ ቀበሌው ጤና ኬላ ቅርብ ሲሆን፣ ጤና ጣቢያው ግን የሁለት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ይርቃል። ሆስፒታል ለመድረስ ከዚያ በኋላ መኪና መያዝ ያስፈልጋል።

ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ነው። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በምዕራብ ጎጃም ደቡብ አቸፈር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ስለነበረች፣ በጎጃም ገጠር እንግዳ ነገር አይደለም። አባሉ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል እንዲያልፍ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ይህን ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም የአባልነት ካርዱ በዚህ ሕመም ከሁለት ወር በላይ ከሣጥን አልወጣም።

የሕመሙ አጀማመር

ሕመሙ የጀመረው በጤፍ አጨዳ ሰሞን ነው። ጤፍ አጭር ሰብል በመሆኑ አጫጁ ቀኑን ሙሉ ከወገቡ ታጥፎ ይውላል፤ አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ነዶ መሸከምና መከመር ይከተላል። ታካሚው ነዶ አንሥተው ሲዞሩ ወገባቸውን እንደያዛቸውና ያን ሌሊት በመኝታቸው መገላበጥ እንዳቃታቸው ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ እግራቸው ላይ ምንም ስሜት አልነበረም።

በዚህ ደረጃ ላይ የነበረው ሕመም፣ በሕክምናው ዓለም የተለየ የአካል ጉዳት የማይገኝለት ከሚባለው ዓይነት የሚለይ ነገር አልነበረውም። ከ10 የወገብ ሕሙማን 9ኙ የሚገኙት በዚህ ወገን ሲሆን፣ ሰውየው አቅሙ በፈቀደ መጠን እየተንቀሳቀሰ ከቆየ አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ በግልጽ ይሻለዋል። እሳቸው ግን በቤተሰቡ ርኅራኄ ከመኝታ እንዳይነሡ ተደረጉ፤ ውኃ እንኳ አልጋቸው ድረስ ይመጣላቸው ነበር። ከሳምንት በላይ የዘለቀው ይህ ተኝቶ መሰንበት ሕመሙን አላስታገሠም፤ ጡንቻቸውን አዝሎ መነሣቱን ይበልጥ አስፈሪ አደረገባቸው።

የተሰጡት ምክሮችና የተከተሉት እርምጃዎች

በጎጃም የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም፤ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ምክር ይዞ ይመጣል። እናታቸው ጠበል እንዲጠመቁ፣ ወንድማቸው ወጌሻ እንዲያያቸው፣ አንድ ጎረቤት መርፌ እንዲወጉ፣ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው በስልክ ኤምአርአይ (የአካልን ውስጥ በዝርዝር የሚያሳይ ምስል) እንዲነሡ መከሩ። ብርድ ነው ያለም፣ ኩላሊት ነው ያለም ነበር። ባለቤታቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ ካርዱን ይዘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ቢናገሩም፣ የተሰጣቸው መልስ ጤና ጣቢያ የማስታገሻ ክኒን ከመስጠት በቀር ለወገብ ምን ያውቃል የሚል ነበር። ይህ መልስ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ ብዙ ያስከፈለ ነው።

መጀመሪያ የተጠሩት ወጌሻው ናቸው። ወገባቸውን በቅቤ አሹት፤ ታካሚውም ለጥቂት ቀናት ቀለል አላቸው። ማሸት ጡንቻን ማላላቱ እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው የረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም መመሪያ ውስጥም ማሸት ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ሊሰጡ ከሚችሉት መካከል ተጠቅሷል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ወጌሻው ጉልበታቸውን ጀርባቸው ላይ አሳርፈው በኃይል ተጫኑ። በዚያው ሰሞን ሕመሙ ከወገብ ወርዶ በግራ ዳሌ፣ በባትና በእግር አናት በኩል እስከ አውራ ጣት ደረሰ። ዲስኩ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል፣ በራሱ ጊዜም ተንሸራቶ ነርቭ ሊጫን ይችል ስለነበር ጥፋቱን በወጌሻው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው፤ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደና እግር መደንዘዝ ከጀመረ በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ መታሸታቸው ነው።

ቀጥሎ በአቅራቢያው ካለ መድኃኒት ቤት ለተከታታይ ቀናት ዳይክሎፌናክ የተባለ የማስታገሻ መርፌ ተወጉ። መርፌው ሕመሙን ለሰዓታት ዝቅ ያደርገው ነበር። ከዚያም የዳይክሎፌናክና የአይቡፕሮፌን ክኒን በአንድነት ተሰጣቸው፤ ሁለቱ አንድ ወገን መድኃኒቶች በመሆናቸው አብረው ሲወሰዱ የማስታገሥ ኃይላቸው ብዙም ሳይጨምር በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ይጨምራል። ታካሚው ጨጓራቸው መቃጠል ሲጀምር እሱም የሕመሙ አካል መሰላቸው።

ከገና በኋላ በከተማ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዱ። ራጅ ተነሡ፣ ሽንታቸው ታየ፤ የአከርካሪ አጥንታቸው መካከል እንደጠበበና ኩላሊታቸው ኢንፌክሽን እንደያዘው ተነግሯቸው ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒትና የወገብ ቀበቶ ተሰጣቸው። ለዚህም ብዙ ከፈሉ። ነገር ግን እስከዚህ ድረስ ካዩአቸው ሰዎች መካከል ጫማቸውን አስወልቆ እግራቸውን የነካ አንድም አልነበረም።

ሕመሙ ሳይሻል ሲቀር ቤተሰቡ ከበሬዎቹ አንዱን ሸጦ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ወሰነ። በሬ መሸጥ ለአርሶ አደር ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ጥማዱ ከፈረሰ ለመጪው እርሻ መቀናጆ መፈለግ፣ ማለትም በቀሪው በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር ቀን እየተከፋፈሉ ማረስ ግድ ይሆናል፤ የእኩል መሬቱንም ባለመሬቱ ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ጉዞው በራሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጦ ማለፍ የእግር ነርቩ ለተቆጣ ሰው ከባድ ሥቃይ ነው። ባለቤታቸው ሽያጩን ለአንድ ገበያ ቀን አስተላለፉት። ያ አንድ ሳምንት ጠቀመ።

ውሳኔውን የለወጠው

በዚያ ሳምንት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለሕፃናት ክትባት ክትትል ወደ ቤቱ መጣች። ታካሚው ሊቀበሏት ሲነሡ በግራ እግራቸው ያለው ኮንጎ ጫማ እየወለቀ ሲቀር አየች። «ጋሼ፣ ጫማው ለምንድን ነው የሚወልቅብዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እግራቸው እንደማይታዘዛቸው ሲነግሯት፣ በሽንት ላይ የመጣ ችግር መኖሩን ጠይቃ፣ እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ ማሸቱ እንዲቆምና በማግሥቱ ጤና ጣቢያ እንዲደርሱ ነገረቻቸው። ከዚህ ቤት ካለፉት ምክሮች ሁሉ የታካሚውን አካል በማየት የተሰጠው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነበር።

በጤና ጣቢያው የተደረገው ምርመራ

ስለዚህ ምርመራ በዝርዝር የምጽፈው፣ ምንም መሣሪያ ሳያስፈልገው ጉዳዩን መልክ ያስያዘው እሱ በመሆኑ ነው።

ጤና መኮንኑ በጥያቄ ጀመረ። ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት፣ እንዲሁም በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ መኖሩን ጠየቀ፤ እነዚህ ምልክቶች በአከርካሪው ታችኛ ክፍል ያሉት ነርቮች በአንድነት መጨፍለቃቸውን ስለሚያመለክቱ ቀናት የማይሰጡ ናቸው። ቀጥሎ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የቆየ ሳል፣ በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የታከመ ሰውና ያልተፈላ ወተት የመጠጣት ልማድ መኖሩን ጠየቀ። በአገራችን ይህን መጠየቅ የግድ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የአከርካሪ አጥንትን ይዞ ለወራት እንደ ተራ የወገብ ሕመም ሊታይ ይችላል፣ ከከብት በጥሬ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ ወገብን ያሳምማል። የአከርካሪ ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ በሚሰጥ፣ ዓመት ያህል በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ታካሚው ጥሬ ወተት ይጠጡ ነበር፤ ሌሎቹ ምልክቶች ግን አልነበሩባቸውም።

ከዚያ ጫማቸውን አስወልቆ በተረከዛቸው፣ ቀጥሎም በጣቶቻቸው እንዲራመዱ አደረገ። በጣቶቻቸው መራመድ ቻሉ፤ በተረከዝ ሲሆን ግን የግራ እግራቸው ፊት ወደ መሬት ወደቀ። አጋድሟቸው እግራቸውን ሳይታጠፍ ቀስ አድርጎ ሲያነሣው ከግማሽ ሳይደርስ ሕመሙ ከጉልበት በታች እስከ ጣት ተሰማቸው። የግራ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው እንዲይዙ አዝዞ በጣቱ ሲጫነው፣ ከቀኙ ደክሞ ተገኘ። እነዚህ ሦስት ግኝቶች አንድ ላይ ሲታዩ በወገብ አምስተኛው ነርቭ ሥር ላይ የተጫነ ነገር እንዳለ ያመለክታሉ፤ የሕመሙ መውረጃ መስመርም የዚያው ነርቭ ነው። ራጅ ዲስክንም ነርቭንም ስለማያሳይ፣ የተከፈለበት ራጅ ይህን ሊነግራቸው አይችልም ነበር።

ጤና መኮንኑ ያገኘውን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጽፎ፣ ድንገተኛ እንዳልሆነ ነገር ግን የጡንቻ ድካም ስላለ በሳምንቱ ውስጥ ሊታዩ እንደሚገባ ገልጾ ወደ ሆስፒታል ላካቸው።

በሆስፒታሉ የተወሰነው

ሐኪሙ ምርመራውን ደግሞ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። የደም ምርመራው ስለ ነቀርሳም ሆነ ስለ ሌላ ኢንፌክሽን የሚያሳስብ ነገር አላሳየም፤ ሽንታቸውም ደኅና ነበር። ውሳኔው በግልጽ ቃላት ለታካሚውና ለባለቤታቸው ተነገረ፦ ለ6 ሳምንት በእንቅስቃሴ ሕክምና ይሞከራል፤ የእግሩ ድካም ከባሰ፣ የሽንት ችግር ከመጣ ወይም በ6 ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ኤምአርአይ ወዳለበት ተቋም ይላካሉ።

ልጃቸው በስልክ ይህን አልተቀበለም፤ አባቱ ድሃ ስለሆኑ የተነፈጋቸው መሰለው። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነበርና በቂ ጊዜ ወስደን ማስረዳት ነበረብን። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስሎች የሰበሰበ ግምገማ፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉ ጤነኞች 68 በመቶው ያረጀ፣ 50 በመቶው ደግሞ ያበጠ ዲስክ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አይነግርም፤ የሚጠቅመው ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወይም ሌላ በሽታ ሲጠረጠር ነው። የሚንሸራተት ዲስክም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ እንደሚሄድ፣ ኤምአርአዩ እንዳልቀረና የሚታዘዝበት ቀን ተቆርጦ እንደተቀመጠለት ሲሰማ ልጁ ተረጋጋ። በሬውም ሳይሸጥ ቀረ።

የጠቀመውና ያልጠቀመው

በሆድ ተኝቶ በክርን ቀና ማለት የእግር ሕመማቸውን ወደ ወገብ ስለመለሰው የቤት እንቅስቃሴያቸው መነሻ ሆነ፤ ሕመሙ ከእግር እየሸሸ ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ጥሩ ምልክት ነው። በየቀኑ እየተራዘመ የሚሄድ የእግር ጉዞም ታዘዘላቸው። ቀበቶው ቀረ። ከሁለቱ ክኒኖች አንዱ ተቋርጦ ሌላው ለአጭር ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ብቻ እንዲወሰድ ሆነ። የቀረውን የውቂያ ሥራ ጎረቤቶቻቸው በወንፈል ጨረሱላቸው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ የትኛውም እንቅስቃሴ ፋይዳ አይኖረውም ነበር።

መጀመሪያ ያዘዝንላቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ሆስፒታል መመላለስ ነበር፤ አልተቻለም። የመኪናው ወጪና መንገዱ ከእንቅስቃሴው የሚያገኙትን ጥቅም ይበላዋል። ክትትሉ በወር አንድ ጊዜ ሆስፒታል፣ በመካከሉ ጤና ጣቢያ፣ በየሳምንቱ ደግሞ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንዲሆን ተለወጠ። የእንቅስቃሴው መመሪያ የተጻፈበት ወረቀትም ለማያነቡ ሰው አልሠራም፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጃቸው አብራቸው መጥታ እንቅስቃሴውን በዓይኗ አይታ ከተማረች በኋላ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ያልታሰበ ችግር መጣ። ታካሚው እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ስለማይቀምሱ ክኒኑን በማለዳ በባዶ ሆድ ይውጡት ነበርና የጨጓራው ቃጠሎ ተመለሰ። ሰዓቱ ከጾም መፍቻ ማዕድ በኋላ እንዲሆን ተደርጎ ቃጠሎው ቀረ። ስግደቱም አሳሳቢ ነበር፤ ሕመሙ ገና ባልበረደበት ጊዜ ደጋግሞ ከወገብ መታጠፍ ነርቩን ያስቆጣዋል። ይህን ለመከልከል ሥልጣኑም ፍላጎቱም አልነበረንም፤ ታካሚው የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገርናቸው፣ እሳቸውም ቆመው እንዲጸልዩ ፈቀዱላቸው። እናታቸው ያመጡላቸውን ጠበል መጠጣታቸውንም ቀጠሉ፤ ከሕክምናው ጋር የሚጋጭበት ነገር ስላልነበረ ማንም አልተቃወመም።

በመጋቢት መጀመሪያ ሙሉ ጆንያ እህል አንሥተው ሕመሙ ለጥቂት ቀናት አገረሸባቸው። የእግራቸው ጉልበት እንዳልቀነሰ በጤና ጣቢያ ታይቶ እንቅስቃሴው ቀጠለ እንጂ ወደ መርፌውም ወደ ወጌሻውም አልተመለሱም። 6 ሳምንቱ ሲሞላ በተረከዝ መራመድ ችለው ነበር፤ ስለዚህ ኤምአርአይ አልታዘዘም። በግንቦት እርሻ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ብቻ። የእግር ሕመሙ ሄዷል። ጠዋት ጠዋት ወገባቸው እስኪፍታታ ጊዜ ይፈልጋል፣ የአውራ ጣታቸው ጉልበትም ከቀኙ ትንሽ ያንሳል።

ከጉዳዩ የሚወሰደው

የመጀመሪያው ምርጫ መመዘን ያለበት የሚያክመው ሰው በሚሰጠው መድኃኒት ወይም ተቋሙ ባለው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ጠይቆና ነክቶ የሚመረምር ሰው መኖሩ ይቀድማል። በዚህ ጉዳይ ይህን ያሟላው ቅርቡና ወጪው አነስተኛው ተቋም ነበር። ጤና ጣቢያ ምንም አያውቅም የሚለው አስተሳሰብ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሳይነካ ክኒን ጽፎለት የተመለሰ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ በጤና ጣቢያ የምንሠራውም ሆነ ከዚያ ሪፈር የምንቀበለው ባለሙያዎች፣ የወገብ ሕመምተኛን ጫማ ማስወለቅ ከደቂቃዎች በላይ እንደማይወስድ አውቀን ልናደርገው ይገባል።

ወጌሻን ከመንገዱ ማስወጣት አይቻልም፤ በአብዛኛው ቀበሌ ከሁሉ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጤና መኮንኑ ከዚህ ጉዳይ በኋላ ወጌሻውን አነጋግሮ፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም የደከመ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ከከፍታ የወደቀ ሰው ሲመጣባቸው ሳይነኩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ተስማምተዋል። ይህን ንግግር ከወቀሳ መጀመር የሚያዋጣ አይመስለኝም። በምላጭ የሚደረግ ዋግምት ግን በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ስለሚያጋልጥ በየትኛውም ሁኔታ ልንደግፈው አንችልም።

መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያም ቢሆን ማስታገሻ ከመስጠቱ በፊት ሕመሙ ወደ እግር መውረዱን፣ ሌላ ማስታገሻ እየተወሰደ መሆኑንና የጨጓራ ሕመም መኖሩን ቢጠይቅ በዚህ ሰው ላይ የደረሰው ባልደረሰ ነበር። ወደ ሩቅ ከተማ የሚኬድበትን ምክንያትና ቀን አስቀድሞ መቁረጥም ትልቅ እገዛ ነው፤ ቤተሰቡ የተረጋጋው ኤምአርአይ አያስፈልግም ስለተባለ ሳይሆን መቼ እንደሚያስፈልግ ስለታወቀ ነው።

ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የሚለው ቅደም ተከተል የማይሠራበት ሁኔታ አለ። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ሽንት አልወጣ ያለው፣ በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ እየደከሙ ያሉ ወይም ከከባድ አደጋ በኋላ ወገቡን ያመመው ሰው ተራ ሳይጠብቅ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ በዚያው ዕለት የድንገተኛ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ አለበት።